ምን አለ? የፊልም ንግግር ከሸራው ጀርባ እስከ ሳሎን

ፊልም አፍ ከማውጣቱ በፊት፣ የሰው ንግግር በሽቦ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ያጠኑት የስልክ ሰዎች ነበሩ። በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ በቤል የስልክ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት የፊዚክስ ሊቅ ሃርቪ ፍሌቸርና ባልደረቦቻቸው አንድ አድካሚ ሥራ ይዘው ነበር። አንድ ሰው ትርጉም የሌላቸውን ቁርጥራጭ ድምፆች በስልክ ያነባል፤ በሌላው ጫፍ የተቀመጡ አድማጮች የሰሙትን ይጽፋሉ። ከዚያ የተሳካውና የተሳተው ይቆጠራል። ቀጥሎ ወፍራሙን ድምፅ በማጣሪያ አስቀርተው ያንኑ ይደግማሉ፤ ደግሞ ቀጭኑን አስቀርተው ይደግማሉ።

ያገኙት ነገር እስከ ዛሬ ድረስ የዚህ ታሪክ ቁልፍ ነው። የንግግር ጉልበት በአብዛኛው ያለው ከ1,000 ኸርዝ በታች ባለው ወፍራም ድምፅ ውስጥ ነው። የንግግር ትርጉም ግን በአብዛኛው ከዚያ በላይ ባለው ቀጭንና ደካማ ድምፅ ላይ ተንጠልጥሏል። አናባቢው ይጮኻል፤ ቃሉን ቃል የሚያደርገው ተናባቢ ደግሞ ያንሾካሹካል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። «መጣ» እና «መታ» በሉ። ልዩነቱ «ጠ» ስትፈነዳ የምታሰማው ቅጽበታዊ ጠቅታ ብቻ ነው። ያቺ ጠቅታ ከጠፋች እንግዳው መጣ ይሁን እንግዳው መታ አይታወቅም። «ቀ» ከ«ከ»፣ «ጨ» ከ«ቸ» የሚለዩትም እንዲሁ ነው። ሌላም አለብን፤ የሚጠብቅና የሚላላ ፊደል። «አለ» ላልቶ ሲነገር መናገር ነው፤ ጠብቆ ሲነገር መኖር። እዚህ ላይ ልዩነቱ የጊዜ ርዝመት ነው፤ በሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ የአንዱ ድምፅ ጭራ በሚቀጥለው ላይ ሲጎተት የላላው የጠበቀ ይመስላል። ፍሌቸር አማርኛ አልሞከሩም፤ ያገኙት ነገር ግን እኛንም እንደሚነካ ጆሯችን ይመሰክራል።

ኦገስት 6 ቀን 1926 ዋርነር ብራዘርስ «ዶን ሁዋን» የተባለውን ፊልም ኒው ዮርክ ላይ ሲያሳይ፣ ድምፁ የተቀዳው በሸክላ ላይ ነበር። ቫይታፎን ይባላል። ሸክላው 16 ኢንች ስፋት አለው፤ በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ ይዞራል፤ አንዱ ጥቅል ፊልም እስኪያልቅ 11 ደቂቃ ያህል ይዘፍናል። በዓመቱ፣ ኦክቶበር 6 ቀን 1927፣ «ዘ ጃዝ ሲንገር» ወጣና አል ጆልሰን ከዘፈኑ መሐል ጥቂት ሲናገር ተሰማ። አብዛኛው ፊልም አሁንም በጽሑፍ የሚነበብ ነበር፤ ተመልካቹን ያስጨበጨበው ግን ያ ጥቂቱ ነው።

ከዚያ ዘመን አንድ ነገር ደጋግሜ አስባለሁ። በመጀመሪያዎቹ የቫይታፎን ሲኒማ ቤቶች የድምፅ ማጉያ ጥሩንባዎቹ ለሁለት ተከፍለው ነበር የሚቀመጡት፤ ከፊሉ ከሸራው ጀርባ፣ ከፊሉ ቀድሞ ሙዚቀኞች ይቀመጡበት በነበረው ከመድረኩ ሥር ባለው ቦታ። ሰው ሲናገር ከሸራው፣ ሙዚቃ ሲመጣ ከሥር። ይህን የወሰኑት መሐንዲሶች ፊት ለፊታቸው ምንም አርአያ አልነበራቸውም። ግን ትክክል ነበሩ፤ ንግግር የራሱ ቦታ ያስፈልገዋል ብለው ነበር የጀመሩት። ሸራው ድምፁን ሲያፍንባቸው ደግሞ በጥቃቅን ቀዳዳ መበሳት ተጀመረ። ዛሬም በአብዛኛው ትልቅ ሲኒማ ቤት ወደ ሸራው ተጠግቶ ያየ ሰው እነዚያን ቀዳዳዎች ያያቸዋል።

በቀረጻው በኩል ግን መከራ ነበር። የካሜራው ኳኳታ እንዳይገባ ካሜራውና ካሜራማኑ በአንድ ሣጥን መሳይ ክፍል ውስጥ ይዘጋባቸዋል። ማይክሮፎኑ በአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ይደበቃል፤ ተዋናዮቹም ወደ አበባው ዞረው ያወራሉ። ዶሮቲ አርዝነር የተባለችው ዳይሬክተር በ1929 «ዘ ዋይልድ ፓርቲ»ን ስትሠራ ማይክሮፎኑን በዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አንጠልጥላ ከተዋናይዋ ከክላራ ባው ራስ በላይ እንዳስከተለች ይነገርላታል። ዛሬ ቡም የምንለው ማለት ነው። ማይክሮፎኑ ወደ ተናጋሪው አፍ በተጠጋ ቁጥር ንግግሩ ይጠራል፤ ይህ ሕግ ያኔም አሁንም አንድ ነው።

በ1931 እንግሊዝ ውስጥ፣ ኢኤምአይ በተባለው የሸክላና የሬዲዮ ድርጅት የሚሠራው ወጣት መሐንዲስ አለን ብሉምላይን ኋላ ካገባት ሴት ጋር ሲኒማ ገባ። ተዋናዩ ከሸራው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ሲሄድ ድምፁ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ብሉምላይን ይህ ቅር ብሎት ለእሷ መላ እንዳለው ነገራት ይባላል። ዲሴምበር 14 ቀን 1931 የፈጠራ መብት ማመልከቻውን አስገባ፤ ዛሬ ስቴሪዮ የምንለው ነገር መሠረቱ እዚያ ወረቀት ላይ ነው። በ1935 በመድረክ ላይ ወዲያ ወዲህ እያሉ የሚያወሩ ሰዎችን ለሙከራ ቀረጸ፤ ድምፃቸው እግራቸውን ተከትሎ ይሄዳል። እንግዲህ ስቴሪዮ ብዙዎች እንደሚያስቡት በሙዚቃ ፍቅር ብቻ የተወለደ አይደለም፤ አንዱ እናቱ የፊልም ንግግር ናት። ብሉምላይን ፍሬውን ሳያይ ጁን 7 ቀን 1942፣ በጦርነቱ መሐል፣ የራዳር መሣሪያ ለመሞከር በወጣበት አውሮፕላን አደጋ በ38 ዓመቱ ሞተ።

በአትላንቲክ ማዶ ደግሞ ፍሌቸር እንደገና ይመጣሉ። ኤፕሪል 27 ቀን 1933 የፊላደልፊያ ኦርኬስትራ በፊላደልፊያ ሲጫወት፣ ታዳሚው ግን ዋሽንግተን ውስጥ፣ ሙዚቀኛ በሌለበት ባዶ መድረክ ፊት ተቀምጦ ነበር። ዋናው የኦርኬስትራው መሪ ሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪ እንኳ ዋሽንግተን ሆኖ የድምፁን መጠን ነበር የሚቆጣጠረው። ሦስት ማይክሮፎን፣ ሦስት የስልክ መስመር፣ ሦስት ድምፅ ማጉያ፤ ግራ፣ መሐል፣ ቀኝ። የቤል መሐንዲሶች ሁለቱን ብቻ ሞክረው መሐሉ ሲሳሳባቸውና ከዳር የተቀመጠው ሰው ድምፁ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሲሳብበት አይተዋል። ሦስተኛውን መሐል ላይ ሲያቆሙ ነገሩ ጸና። ይህ ቁጥር ለትልቅ አዳራሽ የተገኘ ነው፤ ሰው ተበታትኖ በሚቀመጥበት ሳሎን ግን ያው ችግር ነው ያለው።

ሆሊውድ ውስጥ የፊልም ድርጅቱ የኤምጂኤም የድምፅ ክፍል ኃላፊ የነበሩት ዳግላስ ሺረር ሌላ ጣጣ ገጠማቸው። ኤሊነር ፓወል የምትባለው ዳንሰኛ ጫማዋን መሬት ላይ ስትመታ፣ አዲስ በገባው ድምፅ ማጉያ አንዱ ምት ሁለት ሆኖ ተሰማ። ጆን ሂሊያርድ የተባለው መሐንዲስ ምክንያቱን ደረሰበት። ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ጥሩንባ ረጅምና የተጣጠፈ ስለነበር ድምፁ ከቀጭኑ ዘግይቶ ነበር የሚወጣው። የአንድ ምት ወፍራምና ቀጭን ክፍል በየተራ ደረሰ ማለት ነው። ጫማ ላይ ይህ ከሆነ «ጠ» ላይ ምን እንደሚሆን አስቡት። ሂሊያርድ፣ ጄምስ ላንሲንግና ሌሎችም ተሰባስበው ሁለቱ እኩል የሚደርሱበትን ድምፅ ማጉያ ሠሩ፤ ለ1936 የሆሊውድን የፊልም አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት አስገኘ። የእሱ ዘር የሆነው የአልቴክ ላንሲንግ ድምፅ ማጉያ በ1945 ሲወጣ «የቴአትሩ ድምፅ» የሚል ስም ተሰጠው። ቮይስ፣ የሰው ድምፅ። ስሙ ብቻ ለምን እንደተሠራ ይናገራል።

የሸራውን መሐል የያዘው ድምፅ ከዚያ በኋላ በየደረጃው አጋር እያገኘ ሄደ። ኖቬምበር 13 ቀን 1940 የዲዝኒ «ፋንታሲያ» ኒው ዮርክ ላይ ሲከፈት ከሸራው ጀርባ ሦስት ድምፅ ማጉያ ነበረው፤ መሣሪያው ውድና ከባድ ስለነበር ከጥቂት ከተሞች አላለፈም። ቴሌቪዥን ተመልካቹን ቤቱ ሲያስቀርበት ሲኒማው በ1952 ሲኒራማን አመጣ፤ ከሸራው ጀርባ አምስት ድምፅ ማጉያ። በሴፕቴምበር 1953 ደግሞ «ዘ ሮብ» በሲኒማስኮፕ ወጣ፤ ፊልሙ ዳር ላይ በተለጠፈ የማግኔት ክር አራት ድምፅ ይዞ ነበር፤ ግራ፣ መሐል፣ ቀኝና ከተመልካቹ ዙሪያ። የብሉምላይን ሕልም በትልቁ ተፈታ፤ ተዋናዩ ግራ ከቆመ ንግግሩ ከግራ ይመጣል።

ግን ሕልሙ እንደታሰበው አልጣፈጠም። ካሜራው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው በተቆረጠ ቁጥር ድምፁ ከጫፍ ጫፍ ይዘላል። ጨዋታውን ሊከታተል የመጣው ሰው ጆሮው ሲያሳድድ ይውላል። ባለሙያዎቹ ቀስ በቀስ አንድ ልማድ ላይ ረጉ፤ ሙዚቃው ይስፋ፣ መኪናው ከግራ ወደ ቀኝ ይለፍ፣ ነፋሱ ከኋላ ይምጣ፤ ንግግሩ ግን መሐል ይቁም። ዓይን ለጆሮ ቦታ ይመራለታል፤ ከመሐል የመጣውን ድምፅ የሚንቀሳቀሰው አፍ ላይ የሚለጥፈው አእምሯችን ነው። ይህ ልማድ እስከ ዛሬ የአብዛኛው ፊልም ሥርዓት ነው።

እንግዲህ ጥፋቱ የደረሰው ቤት ላይ ነው። ስቴሪዮ ሸክላ በ1958 ገበያ ላይ ሲውል ሁለት ድምፅ ብቻ ያዘ። ለምን ሁለት? የሸክላው ቦይ እንደ ማረሻ ትልም የተሰነጠቀ ነው፤ ያለው ግራና ቀኝ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ በየግድግዳው አንድ ድምፅ ተጻፈ። ሦስተኛ ግድግዳ የለውም። የቤል ሰዎች ከ25 ዓመት በፊት ያጸኑት መሐል በመርፌና በቦይ ምክንያት ቀረ። ፖል ክሊፕሽ የተባለው ግትር ድምፅ ማጉያ ሠሪ፣ ከሁለቱ ድምፅ ሦስተኛ አውጥታችሁ መሐል አስቀምጡ እያለ ይሞግት ነበር፤ የሰማው ጥቂት ነው። የሳሎን ስፒከር ማለት ጥንድ ማለት ሆነ፤ አምፕሊፋየሩ፣ ሬዲዮኑ፣ ካሴቱ ሁሉ በጥንድ ተሠራ።

በርግጥ ሁለቱ ስፒከሮች አንድ ዓይነት ድምፅ እኩል ሲያወጡ፣ ትክክል መሐል ለተቀመጠ ሰው ድምፁ ከመሐል የመጣ ይመስለዋል። ግን ያ መሐል እንደ ጥላ ነው። አንድ ክንድ ወደ ግራ ከተጠጉ ንግግሩ ጠቅልሎ ግራው ስፒከር ውስጥ ይገባል። ትክክል መሐል ለተቀመጠው እንኳ የሚያጎድለው ነገር አለ። የግራው ስፒከር ድምፅ ግራ ጆሮ ደርሶ አይቆምም፤ ጭንቅላትን ዞሮ ቀኝ ጆሮም ይደርሳል፤ በሩብ ሚሊ ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ይህ መዘግየት 2,000 ኸርዝ አካባቢ ካለው ድምፅ ግማሽ ዙር ጋር ይገጥማል፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ይጠፋፋሉ። 2,000 ኸርዝ ደግሞ ፍሌቸር የቃል ትርጉም አለበት ካሉት ሠፈር ነው። ሙዚቃ ይህን ጉድለት ይሸከማል። ንግግር ግን አቅም የለውም፤ አፍ ላይ ስስ ጨርቅ ጣል እንደማድረግ ነው።

ሬይ ዶልቢ በ1965 ለንደን ውስጥ ድርጅቱን ሲመሠርት ዓላማው የቴፕን ሹክሹክታ መቀነስ ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ ፊልም ሲሻገር፣ ሲኒማ ቤቶች አሁንም ሹክሹክታውን ለመሸፈን ቀጭኑን ድምፅ የሚቆርጥ በ1938 የወጣ ልክ ይከተሉ ነበር። ተናባቢዎቹ በ40 ዓመት ልማድ ሲደፈጠጡ ኖረዋል ማለት ነው። ዶልቢ ስቴሪዮ በፊልሙ ጠርዝ በብርሃን በሚነበቡ ሁለት ክሮች ላይ አራት ድምፅ አመሳጥሮ ከተተ። መሐሉ በሁለቱም እኩል ይጻፋል፤ ሲኒማ ቤቱ ያለው መሣሪያ ለይቶ ያወጣዋል። በ1977 «ስታር ዋርስ» ይህን መሣሪያ ዓለም ሁሉ እንዲገዛው አደረገ።

ይህ ሁለት ክር ሳይነካ ወደ ቪዲዮ ካሴት ተገለበጠ። በ1982 ለቤት የመጣው ዶልቢ ሰራውንድ ግን የኋላውን እንጂ መሐሉን አላወጣም፤ ሰው የሚገርመው ከኋላ የሚመጣው ድምፅ ስለነበር ይመስለኛል። በ1987 የዚሁ ድርጅት ፕሮ ሎጂክ መጣና መሐሉን ለብቻው አውጥቶ ለራሱ ስፒከር ሰጠው። ስቴሪዮ ሸክላ ከወጣ 29 ዓመት ሆኖታል። ሳሎን ያጣውን ያገኘው ያኔ ነው።

ያችን መሐለኛ ስፒከር የት ማስቀመጥ? የዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን ሆዱ ትልቅ፣ አናቱ ጠፍጣፋ ሣጥን ነው፤ ስፒከሯ በላዩ ላይ ትጋደማለች። የስፒከር ማግኔት የስክሪኑን ቀለም ስለሚያበላሽ ማግኔቱ የተሸፈነ ይሠራላት ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ እንድትስማማ ደግሞ ዝቅ ብላ ረዘመች። በ1983 ጆሴፍ ዳፖሊቶ የተባለው አሜሪካዊ ትንሿን ቀጭን ድምፅ አውጪ መሐል፣ ሁለት ተመሳሳይ ትላልቆችን ከላይና ከታች አድርጎ ቁመታም ስፒከር ነድፎ ነበር። ያ አሰላለፍ ሲቆም ደህና ነው። ፋብሪካዎች በጎኑ አጋደሙት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የከፈለበት ስሕተት ነውና። ሁለቱ ትላልቆች በ34 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው ቢጋደሙና አድማጩ ፊት ለፊት ሳይሆን በ15 ዲግሪ ወደ ጎን ቢቀመጥ፣ ከአንዱ የሚመጣው ድምፅ ከሌላው 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ረጅም መንገድ ይሄዳል። የ2,000 ኸርዝ ድምፅ የአንድ ሞገድ ርዝመት 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሹ 9 ሊሞላ ምንም አይቀረው። ስለዚህ ሁለቱ ያንን ድምፅ እኩል የሚያወጡ ከሆነ ሶፋው ጫፍ የተቀመጠው ሰው ጋ ሲደርሱ ይጠፋፋሉ። አሁንም 2,000። መሐለኛዋ የመጣችው ከዳር ለሚቀመጠው ሰው ብላ ነበር። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ አንድ ትንሽ የመካከለኛ ድምፅ ስፒከር ከቀጭኗ ሥር በቁመት ማስቀመጥ፣ ትላልቆቹን ለወፍራሙ ብቻ መተው። ዋጋው ስለሚጨምር ርካሾቹ ላይ አይገኝም። ርካሿን የገዛ ሰው፣ ቦታ ካለው፣ ቢያቆማት ይሻለዋል።

በ1992 «ባትማን ሪተርንስ» በዶልቢ ዲጂታል ወጣ። ዲቪዲ በኖቬምበር 1996 ጃፓን፣ በማርች 1997 አሜሪካ ገባ። አሁን የሚመሳጠር ነገር የለም፤ መሐሉ ከፊልሙ ሠሪ ጠረጴዛ እስከ ሳሎን ድረስ የራሱ መስመር አለው። አምስት ድምፅና አንድ የባስ መስመር፤ 5.1 የሚለውን ቁጥር በ1987 ያቀረቡት፣ ቀደም ብሎ በፊልም ድርጅቱ በሉካስፊልም ቲኤችኤክስ የተባለውን የሲኒማ ድምፅ ልክ የፈጠሩት ቶምሊንሰን ሆልማን ናቸው። ለቤት ባወጡት ልክ ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ ከትናንሾቹ ስፒከሮች ተነሥቶ ለባሱ ሣጥን እንዲሰጥ አደረጉ። ያች መሐለኛ ከከባዱ ሸክም ስታርፍ ንግግሩ ይቀላታል።

ከዲጂታሉ ጋር ሁለት አዲስ ጣጣ መጣ። አንዱ ቀላል ነው፤ ግን ስንት ቤት እንዳስለቀሰ! ማጫወቻው 5.1 እንዲልክ ተደርጎ፣ ቤት ውስጥ ግን መሐለኛ ስፒከር ሳይኖር ሲቀር፣ ሙዚቃውና ፍንዳታው ይሰማል፤ ንግግሩ የለም ወይም ከሩቅ እንደሚመጣ ነው። ሁለት ስፒከር ብቻ ያለው ሰው ማጫወቻውን «ስቴሪዮ» ላይ ማድረግ አለበት፤ ያኔ መሐሉ ለሁለቱ ተከፍሎ ይገባል።

ሁለተኛው ጥልቅ ነው። ሲኒማ ቤት የሚስተካከለው እያንዳንዱ የፊት ድምፅ ማጉያ 85 ዴሲቤል እንዲሰጥ ሆኖ፣ ፍንዳታ ሲመጣ 20 ዴሲቤል ከዚያ በላይ እንዲወጣ ቦታ ተትቶለት ነው። በዚያ አዳራሽ ሹክሹክታ ይሰማል። ሳሎን ውስጥ ግን ሕፃን ተኝቷል፣ ጎረቤት አለ፤ ድምፁ ይቀነሳል። ሁሉም እኩል ሲቀነስ ሹክሹክታው ከፍሪጅ ድምፅ በታች ይወርዳል። ስለዚህ እጅ ሪሞቱ ላይ ይውላል፤ ሲያወሩ መጨመር፣ ሲተኩሱ መቀነስ። አብዛኛው አምፕሊፋየር «ናይት» የሚል ምርጫ ያለው ለዚህ ነው፤ ከፍታውን ያሳጥራል፣ ዝቅታውን ያነሣል።

ቴሌቪዥኖች ሲቀጥኑ ነገሩ ባሰ። ፊት ለፊት የነበረው ስፒከር ወደ ታች ወይም ወደ ጀርባ ዞረ፤ ለእኛ የሚደርሰን ግድግዳ ነክቶ የተመለሰው ነው። ባለ ሆዱ ቴሌቪዥን ሲሄድ መሐለኛዋም የምትጋደምበት አናት አጣች፤ ወረደችና ቡፌ ውስጥ ገባች።

በኤፕሪል 2014 ቢቢሲ «ጃማይካ ኢን» የተባለውን ድራማ ሲያሳይ ተዋናዮቹ ያጉተመትማሉ የሚል ከ2,000 በላይ አቤቱታ ደረሰው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የክሪስቶፈር ኖላን «ኢንተርስቴላር» ሲወጣ ሲኒማ ቤት ውስጥ የነበረ ሰው እንኳ ንግግሩ በሙዚቃ ተዋጠ አለ፤ ኖላን ሆነ ብለው እንዳደረጉት ተናገሩ። በ2020 «ቴኔት» ላይም ያው ተደገመ። ኖላንን እንደ ዳይሬክተር አከብራቸዋለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። ሰው ተናግሮ ካልተሰማ፣ የጻፈው ሰው ድካም ሜዳ ቀረ። ምርጥ ስፒከርም ቢሆን ከቅጂው ላይ የተዋጠውን ሊመልስ አይችልም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጥረት ንግግሩን በአድማጩ እጅ ላይ ለማድረግ ነው። በ2011 የጀርመኑ የምርምር ተቋም ፍራውንሆፈርና ቢቢሲ ተባብረው የዊምብልደን ቴኒስ አድማጮች የተንታኙንና የሜዳውን ድምፅ እንደፈለጉ እንዲመጥኑ ሞከሩ። በ2019 ቢቢሲ «ካዡዋሊቲ» የተባለውን ድራማ አንድ ክፍል በዚህ መልክ አቀረበ፤ አድማጩ ሲፈልግ የጀርባውን ጫጫታ ይቀንሳል፣ ለታሪኩ የግድ የሆነው ድምፅ ግን ይቀራል። በ2023 አማዞን ንግግርን ከፍ የሚያደርግ ምርጫ በተወሰኑ ፊልሞቹ ላይ ጀመረ። ከፍሌቸር ቤተ ሙከራ መቶ ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው።

እናቴ ይህን ሁሉ አታውቅም፤ እሷ የምታውቀው «ምን አለ?» ማለት ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ማታ፣ የአማርኛ ድራማ ከፍተን፣ ዘበኛው ሮጦ ገባና ለጌታው አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ? መጣ ነው ያለው መታ?»

«መጣ ነው እማዬ።»

«እንግዲያ ምን ያስሮጠዋል!»

ድምፁ 40 ላይ ነበር። በማግሥቱ ቡፌውን ሳብ አድርጌ አየሁ። መሐለኛዋ ስፒከር መደርደሪያው ውስጥ አንድ ክንድ ገብታ ተኝታለች፤ ፊቷ ላይ እናቴ በእጇ የሠራችው ዳንቴል ተንጠልጥሏል። ድምፁ ወጥቶ መጀመሪያ የሚያገኘው የመደርደሪያውን ወለልና ጣሪያ ነው፤ ከዚያ የሳሎኑን ሴራሚክ ወለል፣ ከዚያ ባዶውን ግድግዳ። የጀርመኑ ሄልሙት ሃስ በ1949 እንዳሳዩት ጆሯችን ወዲያው የተከተለውን ነጸብራቅ ከዋናው ጋር አዋሕዶ ይሰማዋል፤ ዘግይቶ የሚመጣው ግን ቃል ላይ ቃል ይደርባል። እናቴ የምትሰማው ሁለቱንም ነበር።

ስፒከሯን እስከ መደርደሪያው አፍ ድረስ፣ ትንሽ ወጣ እንድትል አድርጌ ሳብኳት። ሥሯ የታጠፈ ካርቶን አስገብቼ ፊቷን ወደ ላይ፣ ሶፋው ላይ ወደሚሆነው ጆሮ አቀናሁ። የመኝታ ቤቱን ምንጣፍ አምጥቼ በሶፋውና በቴሌቪዥኑ መሐል ዘረጋሁ፤ ቀኑን ሙሉ የሚከፈተውን ከባድ መጋረጃ ማታ መዝጋት ጀመርን። አምፕሊፋየሩ ላይ መሐሉን በ3 ዴሲቤል ከፍ፣ ባሱን ትንሽ ዝቅ አደረግሁ። ያለችበትን ርቀት በሜትር ለክቼ ሞላሁ፤ ሂሊያርድ በጫማ ድምፅ የደረሰበት ነገር አሁን በአንድ ቁጥር ይስተካከላል። የወጣ ገንዘብ የለም። ዳንቴሉን እናቴ አጣጥፋ አምፕሊፋየሩ ላይ ልትጥለው ስትል ይግላል ብዬ ለመንኳት፤ ሞሰብ አለበሰችበት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዘበኛው እንደገና ሮጦ ገባ። ድምፁን በልማዴ 40 ላይ አድርጌዋለሁ። እናቴ ፊቷን ወደ እኔ መለስ አደረገች።

«አንተ ልጅ፣ ቀንሰው እንጂ። ደንቆሮ አደረግኸኝ እንዴ?»

27 ላይ ስደርስ «ተወው» አለችኝ።